ዝናብ የማይበግረው የአቶ አስናቀ ምንጣፍ

አንድ ቀን፣ ያውም ሰማዩ ፊቱን አጥቁሮ ባነጋበት የሐምሌ እሑድ፣ ደላላው ገረመው ከተወለደ ጀምሮ ማንም ያላሰበለትን ክብር አገኘ፤ ሽማግሌ ተባለ። በዕድሜ አይደለም። በዕድሜውማ ጢሙን በየሳምንቱ ጥቁር ቀለም እየተቀባ ገና ይከራከር ነበር። የእህቱ ልጅ ናሁሰናይ ሊያገባት የሚፈልጋትን ልጅ ከአባቷ ከሚለምኑት ሦስት ሰዎች አንዱ ሆኖ ተመረጠ ማለት ነው። «ተመረጠ» ማለትም ማጋነን ነው፤ ሌላ ሰው ስለጠፋ ነው።

ሰው የጠፋው ደግሞ ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚያ በፊት ሽማግሌ ሁለት ጊዜ ሄዶ ሁለት ጊዜም ባዶ እጁን ተመልሷል። በሁለተኛው ጊዜ ከሦስቱ አንዱ፣ በልጅቱ አባት ደጅ ጭቃ ውስጥ እንደቆሙ ብርድ ደረታቸውን መታቸውና አልጋ ያዙ። የደብረ ብርሃን የክረምት ብርድ ሽማግሌ ነው፣ ለጋብቻ ነው የመጣው ብሎ አያዝንም። የቀሩት ሁለቱ ናቸው፤ ሽማግሌ ደግሞ ሁለት ሆኖ አይላክም። እናም የናሁሰናይ እናት ወይዘሮ አስካለ፣ ዘመድ አዝማዱን በጣታቸው ቆጥረው ቆጥረው ሲያልቅባቸው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ወንድማቸውን ጠሩ።

«ደላላ ለሽምግልና!» አሉ፣ እሱን ሳይሆን ጣሪያውን እያዩ። «እግዚአብሔር ያሳያችሁ፤ ልጄን እንደ ቤት ሊያከራይልኝ ነው።»

ይህን ማለታቸው አይፈረድባቸውም። ገረመው ጣሪያው የሚያፈስ ቤት «ውሃ ከቤት ሳይወጡ ያገኛሉ» ብሎ ያከራየ ሰው ነው።

«ስማኝ» አሉት ቀጥለው፤ «መምሬ ጥበቡ ይናገራሉ። አቶ ሀብተየስ ንግግሩን ያጸናሉ። አንተ አፍህን ይዘህ ትቆማለህ፤ አንዳንዴ ብቻ ትነቀንቃለህ።»

«ምኔን ነው የምነቀንቀው?»

«ራስህን! ገና ካሁኑ ጀመርክ?»

ገረመው ሌላ ቀን ቢሆን ለእህቱ የሚመልሰው አያጣም ነበር፤ የዛሬው ጉዳይ ግን ሆዱን አባብቶታል። ናሁሰናይን አባቱ ከሞተ ጀምሮ እንደ ልጁ አድርጎ ያሳደገው እሱ ነው። ልጁ የእንስሳት ሐኪም ሆኖ በሁለት እግሩ ቆሟል፤ ከልጅቱ ከማስተዋል ጋር ከተማሪ ቤት ጀምሮ ይዋደዳሉ፤ ማስተዋል ደግሞ «ያለ አባቴ ምርቃት ከዚህ ቤት አልወጣም» ብላ ቁርጡን ነግራዋለች። ሽማግሌ ሦስት ጊዜ ደጅ ይጠናል፤ ሦስት ጊዜ ከተመለሰ በአራተኛው መሄድ ልመና መሆኑ ቀርቶ ውርደት ነው። ዛሬ እምቢ ከተባለ ነገሩ አበቃለት ማለት ነው። ልጁ ሌሊቱን ሙሉ እንዳልተኛ ገረመው ፊቱን አይቶ አውቋል።

አሁን ስለ ልጅቱ አባት ማወቅ ያስፈልጋል። አቶ አስናቀ ጡረታ የወጡ የመንግሥት ግምጃ ቤት ኃላፊ ናቸው። ወደ እሳቸው ግምጃ ቤት ዕቃ ሲገባ ያየ ብዙ ነው፤ ሲወጣ ያየ ግን የለም። የቀን ሠራተኛ በሐምሌ ዶፍ የዝናብ ልብስ ሊጠይቅ ቢሄድ «ለክፉ ቀን ነው የተቀመጠው» ይሉታል። ጸሐፊዋ የምትቀመጥበት ወንበር ተሰብሮ ሌላ ስትጠይቅ «ለእንግዳ ነው» ይሏታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእነዚህ ከሁለቱ መልሶች ሌላ ሦስተኛ አላስፈለጋቸውም። ጡረታ በወጡ ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ሸማ ሸለማቸው፤ ሸማውን ማን ለብሶት አየ? ለክፉ ቀን ተቀምጧል።

ሁለቱን መልሶች ግን ይዘዋቸው ወደ ቤት ገቡ። ሶፋው ከተገዛበት ላስቲክ ሳይወጣ አረጀ፤ የተቀመጠበት ሁሉ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ባለቤታቸው ወይዘሮ የሻረግ ቡፌው ውስጥ የተሰለፉትን ባለወርቅ ቅብ ብርጭቆዎች ፊት ለፊት እያዩ፣ እጀታው በወደቀ ስኒ ሻይ ሲጠጡ ኖሩ። «ለእንግዳ ነው» ይላሉ አቶ አስናቀ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ያንን እንግዳ ከእግር እስከ ራሱ ያዩትና ለእነዚያ ብርጭቆዎች የሚበቃ እንግዳ አለመሆኑን ይፈርዳሉ። አንድ ቀን ወይዘሮ የሻረግ መረራቸውና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይኼ እንግዳ እንግዳ የምትለው ማን ነው? እባክህ ስሙን ንገረኝና ሄጄ ልጥራው» አሏቸው። አቶ አስናቀ የቡፌውን መስታወት በእጅጌያቸው ወለወሉ። ስሙን ምናልባት እሳቸውም አያውቁት ይሆናል።

ታዲያ ጡረታ የወጣ ሰው ሥራ መፍታት ስለማይወድ፣ አቶ አስናቀ ከአጥር በሩ እስከ በረንዳው ያለውን መተላለፊያ ሲሚንቶ አስደረጉ። ሲሚንቶው እንደደረቀ ምንጣፍ አማራቸው። «የደጅ ምንጣፍ መምረጥ ቀላል የሚመስለው ለሞኝ ነው» አሉ፤ ይህን ባሉ ጊዜ የሚሰሟቸው ሁሉ ሞኞች መሆናቸውን ተረዱ።

ምርጫው በሰሌን ተጀመረ። ሰሌኑ መጀመሪያ በመጣው ዝናብ ጠቁሮ ጫፍ ጫፉን ወደ ላይ ጠቀለለና ሰው ሁሉ እየተደናቀፈበት መግባት ጀመረ። ከዚያ የአገራቸው ነገር ትዝ አላቸውና የመንዝ በግ ሱፍ ምንጣፍ ተነጠፈ፤ ውሃውን ሁሉ ጠጥቶ ለማንሳት ጎረቤት በጩኸት ተጠራ፤ ሽታው ዶፍ የመታው የበግ መንጋ በረንዳው ላይ ያደረ ይመስል ነበር። ቀጥሎ የመጣው የቃጫ ምንጣፍ ሻገተ። ከቃጫው በኋላ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር መጣ። የጎረቤት ፍየል ገብታ አንዴ ቀመሰችውና ተፋችው፤ የግንቦት ፀሐይ ደግሞ በወሩ ድርቆሽ አስመሰለው። «ፍየል የተፋችውን እኔ አልረግጥም» ብለው አቶ አስናቀ አስነሡት።

በመጨረሻ አዲስ አበባ ድረስ ወርደው፣ መርካቶን ሲያስሱ ውለው፣ ከፕላስቲክ ክር የተሠራ ቀይ ምንጣፍ ዳርና ዳሩ ቢጫ ሐረግ ያለበት አመጡ። ያለ ፈተና ግን አልተቀበሉትም። ከጫፉ ቆርጠው ባልዲ ውስጥ ዘፈዘፉት፤ ጣሪያ ላይ ለፀሐይ ሰጡት፤ ውርጭ በሚጥልበት ወራት ደጅ አሳደሩት፤ ጭቃ ቀብተው በውሃ አጠቡት። ቁራጩ ሁሉንም አለፈ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ከተማው ዕረፍት አጣ።

«ክሩ ቀለሙን የያዘው ከውስጥ ነው፤ ላዩን የተቀባ አይደለም» ይላሉ ዕድር ላይ። «ውሃ ቢወርድበት በቀዳዳው አሳልፎ ያወርደዋል እንጂ አይጠጣውም። ዝናብ፣ ፀሐይ፣ ውርጭ፣ ጭቃ፤ አራቱም አይነኩትም! ሺህ ሰው ቢረግጠው ምልክት አያሳይም!» ለቅሶ ቤት ገብተው «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ካሉ በኋላ ሁለተኛው ንግግራቸው ይኸው ነበር። ገረመውም አንድ ጊዜ ለኋላ ክፍላቸው ተከራይ ይዞላቸው ሄዶ፣ ይህንኑ ቆሞ ሲሰማ ተከራዩ ሰልችቶት ጥሎት ሄዷል።

እሺ፣ ምንጣፉ ተነጠፈ። አራቱም አይነኩትም የተባለው ምንጣፍ ደመና ሲታይ ተጠቅልሎ ከሰው ቀድሞ ቤት ይገባል። ፀሐይ ስትወጣ አሮጌ አንሶላ ይለብሳል። ውርጭ በሚጥልበት ማታ ከዶሮዎቹ በፊት እሱ ይሰበሰባል። ሺህ ሰው ቢረግጠው የተባለውን አንድ ሰውም አልረገጠውም። እንግዳ የአጥሩ በር ላይ ሲደርስ አቶ አስናቀ ከበረንዳው ላይ «በጎን! በጎን በኩል!» እያሉ ከሲሚንቶው ዳር ባለው ጭቃ ያስኬዱታል። ሲሚንቶው ባዶውን ሳለ ሰው በደረቅ ጫማው ይገባ ነበር፤ ምንጣፉ ከመጣ ወዲህ ግን በጭቃ መጥቶ በረንዳ ላይ ይቆማል፤ ምክንያቱም በጭቃ ጫማ እቤት አይገባም። ሰው የሚባለው ፍጥረት እንዲህ ተመችቶት ሲኖር እንዴት ደስ ይላል!

ሽማግሌዎቹንም ሁለቱንም ጊዜ የገጠማቸው ይኸው ነው። ወጉን ሁሉም ያውቃል። ልጅ ሊለምን የመጣ ሽማግሌ «ተቀመጡ» ቢባል አይቀመጥም፤ የመጣበት ሳይፈጸምለት ከቆመበት አይነቃነቅም። የዚህ ወግ ጉልበቱ ባለቤቱን ይሉኝታ ማስያዙ ላይ ነው፤ ሽበት ያበቀለ ሰው ደጁ ቆሞ ሲያይ ሆዱ ይባባና እሺ ይላል። አቶ አስናቀ ግን ግምጃ ቤታቸው ውስጥ ይሉኝታ የሚባል ዕቃ ቢኖርም የሚያወጡ ሰው አይደሉም። በረንዳው ላይ ካፖርታቸውን ደርበው ተቀምጠው፣ ጭቃ ውስጥ የቆሙትን ሽማግሌዎች እያዩ፣ «ወጋችሁን አከብራለሁ፤ ቁሙ» አሉ። ቆሙ። ሲመሽ «እስቲ ጊዜው ይታይ» ተብለው ተሸኙ።

በዚህ በሦስተኛው እሑድ፣ ቅዳሴ እንደወጣ፣ መምሬ ጥበቡ መስቀላቸውን ይዘው፣ ጡረታ የወጡት ርዕሰ መምህር አቶ ሀብተየስ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ ገረመው ደግሞ አፉን ይዞ ሄዱ። መንገዱ ሌሊት በጣለው ዝናብ ላቁጦ ነበር፤ ጫማቸው ምኑ ጫማ ምኑ ጭቃ እንደሆነ አይለይም። ሰማዩ ጠቁሯል፤ ገና ግን አልጣለም። የአጥሩን በር ከፍተው ሲገቡ ቀዩ ምንጣፍ ከበረንዳው ደረጃ ጀምሮ ተዘርግቷል፤ እሑድ ስለሆነና ከቤተ ክርስቲያን የሚመለስ ሰው ሁሉ በአጥሩ በኩል ስለሚያልፍ አቶ አስናቀ ለዓይን አውጥተውታል።

«ቤቶች!» አሉ መምሬ ጥበቡ።

«በጎን!» አሉ አቶ አስናቀ ከወንበራቸው ሳይነሡ። «በጎን በኩል!»

መምሬ ጥበቡና አቶ ሀብተየስ እንደለመዱት ወደ ጭቃው ዘወር አሉ። ገረመው ግን ምንም ሳይናገር ቀጥ ብሎ ምንጣፉ ላይ ወጣ፤ እስከ መሃሉ ተራመደና ቆመ። አፍህን ያዝ ተባለ እንጂ እግርህን ያዝ ያለው ሰው አልነበረም።

አቶ ሀብተየስ የገረመውን ጫማ አዩ፤ ቀጥሎ በሁለት ጉዞ የተበላሸባቸውን የገዛ ጫማቸውን አዩ፤ እሳቸውም ወጡ። መምሬ ጥበቡ ትንሽ አመነቱና አማትበው ተከተሉ።

«እናንተ ሰዎች! ምንጣ...» ብለው አቶ አስናቀ ከወንበራቸው ተነሡ። አጥሩ ላይ ግን ከቅዳሴ የተመለሰው ጎረቤት፣ ሽማግሌ መምጣቱን አይቶ ተሰብስቧል። ሁሉም ነጠላውን እንዳጣፋ ቆሞ ያያል። አቶ አስናቀ ንግግራቸውን ዋጥ አደረጉትና ድምፃቸውን አለዝበው፣ «ማለቴ፣ እዚያ ምን ያቆማችኋል? ወደ በረንዳው ውጡ። ወንበር አለ፤ ተቀመጡ» አሉ።

«አንቀመጥም» አሉ መምሬ ጥበቡ። «ልጅዎን ማስተዋልን ለልጃችን ለናሁሰናይ ልንለምን መጥተናል። የመጣንበት ሳይፈጸምልን ከቆምንበት አንነቃነቅም።»

መምሬ ይህን ቃል በዕድሜያቸው በስንት ሰው ደጅ ብለውታል። ሰው እንዲህ ሲደነግጥበት ያዩት ግን ዛሬ ነው። አቶ አስናቀ መጀመሪያ ሰማዩን አዩ፤ ከዚያ ምንጣፉን፤ ከዚያ የሦስቱን ሰዎች ጫማ። ገረመው በእህቱ ትእዛዝ መሠረት ራሱን ነቀነቀ።

ያን ጊዜ የመጀመሪያዋ ጠብታ ወደቀች።

«ሊጥል ነው! ግቡ ወደ ቤት!» አሉ አቶ አስናቀ። ውስጥ የነበሩት ወይዘሮ የሻረግ በዚህ ቤት «ግቡ» የሚል ቃል ከሰሙ ብዙ ዘመን ስለሆናቸው ባላቸው ታመው እንደሆነ ሊያዩ ወጡ።

«ግድ የለም» አሉ አቶ ሀብተየስ በትሕትና። «እኛን ዝናብ አይጎዳንም።»

«እናንተን ማን አለ!» አሉ አቶ አስናቀ አምልጧቸው።

አጥሩ በሙሉ ሳቀ። ዝናቡም እንደ ሰው ነገሩን ለማየት የቸኮለ ይመስል ጠነከረ። ገረመው መምሬ ጥበቡን በዓይኑ ጠየቃቸው፤ መምሬ ሁለት ጊዜ ጭቃ ውስጥ የቆሙትን አስታውሰው ነው መሰል፣ ራሳቸውን ነቀነቁለት። አፉን ለቀቀ።

«ጋሽ አስናቀ፣ ለእኛ ብለው ከሆነ አይጨነቁ። ለምንጣፉ ብለው ከሆነ ደግሞ ዝናብ አይነካውም፤ ጭቃም አይነካውም። ዕድር ላይ ነግረውናል፤ ለቅሶ ላይም ነግረውናል።»

«እ... አይነካውም» አሉ አቶ አስናቀ። ሌላ ምን ይበሉ? ከተማው ሁሉ ቆሞ ይሰማል። «ይነካዋል ያለ አለ እንዴ? አይነካውም!»

ይህን እያሉ ግን እግራቸው ደረጃውን ወረደ። ጎንበስ ብለው የምንጣፉን ጫፍ ያዙና መጠቅለል ጀመሩ። ጠቀለሉ፣ ጠቀለሉ፣ እየተንበረከኩ ጠቀለሉ፤ ጥቅሉ ገረመው ጫማ ላይ ደርሶ ቆመ።

«እግርህን አንሣ» አሉ ቀና ብለው።

«ጋሼ፣ ወጉ አይፈቅድልኝም። ሽማግሌ ነኝ» አለ ገረመው። ይህን ቃል በአፉ ሲናገር የመጀመሪያው ስለሆነ በጣም ጣፈጠው።

አቶ አስናቀ በጉልበታቸው እንደሆኑ ቀሩ። ካፖርታቸው ውሃ እየጠጣ ነው። ልጅ ሊለምኑ የመጡት ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ የሚለመኑት አባት እግራቸው ሥር ተንበርክከዋል። «ሽምግልናው ተገለበጠ» የሚል ድምፅ ከአጥሩ በኩል ተሰማ።

በዚህ ጊዜ ነው አቶ አስናቀን እልህ የያዛቸው። «ልጄን ጠብቄ ነው ያሳደግኳት!» አሉ። «ዝናብ ሳያገኛት፣ ፀሐይ ሳያያት፣ የሰው እጅ ሳይነካት! ዛሬ ጭቃ ተጫምታችሁ መጥታችሁ ውሰዱ ልበላችሁ? እናንተ እነማን ናችሁና? ለእናንተ ነው እንዴ እስከ ዛሬ ያስቀመጥኳት?»

ገረመው ቀና ሲል ማስተዋል በሩ ላይ፣ ከእናቷ ትከሻ ኋላ ቆማለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ያን ጊዜ ቀልዱ ሁሉ ከሆዱ ጠፋ። ቤት ውስጥ እንቅልፍ ያጣው የእህቱ ልጅ ታየው። የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ፣ እሱም ካልበጀ ሁለተኛ ዕድል እንደሌለ አወቀ።

«ጋሽ አስናቀ» አለ ቀስ ብሎ፤ «እርስዎ ያስቀመጡት ዕቃ ሁሉ ወይ ለእንግዳ ነው፣ ወይ ለክፉ ቀን ነው። ለእንግዳ ከሆነ ያስቀመጧት፣ እንግዳው ይኸውና ሦስት ጊዜ ተመላልሶ ደጅዎ ቆሟል። ለክፉ ቀን ከሆነ ደግሞ፣ እርስዎ በዶፍ ዝናብ ደላላ እግር ሥር ከተንበረከኩበት ቀን የከፋ ቀን ከየት ሊያመጡ ነው?»

ወይዘሮ የሻረግ ተመልሰው ገቡ። ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ፣ ለዓመታት ያልተከፈተ የቡፌ መስታወት እየተንቋቋ ሲከፈት ተሰማ። ባለወርቅ ቅብ ብርጭቆዎቹን በትሪ ይዘው ወጡና በረንዳው ላይ አስቀመጧቸው። «መጣ» አሉ ባላቸውን እያዩ። «ስሙን ያልነገርከኝ እንግዳ መጣ። እኔ አረቄዬን ልቅዳ።»

አቶ አስናቀ ብርጭቆዎቹን አዩ፤ የሚያውቋቸው አልመሰላቸውም። ከዚያ ዞር ብለው ልጃቸውን አዩ። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት፤ ድምፃቸው የተጣላ ሰው ድምፅ መሆኑ ቀርቶ የሽማግሌ አባት ድምፅ ሆኗል።

«እኔማ አባዬ» አለች ማስተዋል እንባዋን እየጠረገች፤ «ዝናብ አልፈራም።»

አቶ አስናቀ የምንጣፉን ጥቅል ለቀቁና፣ «ሰጥቻለሁ!» አሉ። «ሰጥቻለሁ፤ ይባረኩ፤ ወልደው ይሳሙ! አሁን ከምንጣፌ ላይ ውረዱልኝ!»

አጥሩ በእልልታ ተናጋ። መምሬ ጥበቡ አቶ አስናቀን ክንዳቸውን ይዘው ከተንበረከኩበት አነሡና፣ ሁሉም ተያይዘው ወደ በረንዳው ወጡ። በረንዳው ላይ አቶ ሀብተየስ ጫማቸውን ሊያወልቁ ጎንበስ ሲሉ ወይዘሮ የሻረግ «ይተዉት፤ ወለል ይታጠባል» አሏቸው። ቤት ገብተው ሶፋው ላይ ሲቀመጡ ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ፤ ወይዘሮ የሻረግ ለእሱ ሌላ ቀን እንደሚመጡለት በዓይናቸው ነገሩት።

ዝናቡ ግን በዚያው ብሶበት ግማሽ የተጠቀለለውን ምንጣፍ ያለርኅራኄ ቀጠቀጠው። አቶ አስናቀ በር ላይ ቆመው፣ ካፖርታቸው እየተንጠባጠበ፣ የሚሞት ዘመድ እንደሚያይ ሰው ያዩታል። የሦስት ሰዎች የጭቃ ዱካ መጀመሪያ ቀጠነ፤ ቀጥሎ በቀዳዳው እያለፈ ወደ ሲሚንቶው ወርዶ ሄደ። ዝናቡ ገለል ሲል ቀዩ ቀይ፣ ቢጫውም ቢጫ ሆኖ፣ ዛሬ ከመርካቶ የመጣ መስሎ ያበራ ጀመር። ምንም አልሆነም። የምንጣፉ ነገር እንደተባለው ነበር።

የአቶ አስናቀ ፊት በራ። ልጅ ሰጥተው ሀዘን የገባቸው ሰውዬ ወዲያው ጠፉና የዕድሩ ሰውዬ ተመለሱ።

«አያችሁ!» አሉ ጣታቸውን ወደ ደጅ ቀስረው። «አያችሁ? አላልኳችሁም? ዝናብም ጭቃም አይነካውም አላልኩም?»

ገረመው በባለወርቅ ቅቡ ብርጭቆ የቀረበለትን አረቄ አንድ ጊዜ ተጎነጨና፣

«ልክ ነበሩ፣ ጋሼ» አለ፤ «ከእርስዎ በቀር የተጠራጠረም አልነበረም።»